የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በቡርቦን በርሜል የከረመ ኢምፔሪያል ስታውት አቀማመስ

ባለፉት ወራት ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት ቢራ ነው፤ ይኸውም የአሜሪካ ቡርቦን ውስኪ ተቀድቶ በወጣለት የኦክ በርሜል ውስጥ ለወራት ስለሚከርመው ጥቁርና ብርቱ ስታውት ነው። ተደጋጋሚ ሐሳቦችን ቀንሰን አምስቱን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ከወዳጆቼ ጋር ሆኜ በቡርቦን በርሜል አንድ ዓመት የከረመ፣ የአልኮል መጠኑ 13 በመቶ የሆነ ኢምፔሪያል ስታውት ቀመስሁ። ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ እንዳወጣነው ነበር የከፈትነው። እነርሱ ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ቸኮሌት፣ ዘቢብ እያሉ ሲዘረዝሩ እኔ ያገኘሁት ምሬትና ጉሮሮ የሚያቃጥል አልኮል ብቻ ነበር። ጉድለቱ የምላሴ ነው ወይስ ወዳጆቼ በጠርሙሱ ላይ ያነበቡትን ነው የሚደግሙት?

መልስ፦ ከእርስዎ ምላስም ሆነ ከወዳጆችዎ ሐቀኝነት በፊት እኔ የምጠረጥረው ማቀዝቀዣውን ነው። የቤት ማቀዝቀዣ መጠጥን ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ያወርደዋል። በዚህ ቅዝቃዜ መዓዛ ሰጪዎቹ ውህዶች ከፈሳሹ ተነሥተው አፍንጫ ዘንድ ለመድረስ ይቸገራሉ፤ ጣፋጭነቱ ይደበዝዛል፤ ምሬቱና አፍን የሚያደርቀው ስሜት ግን ጎልቶ ይቀራል። ጥም ለመቁረጥ የሚጠጣ ቀላል ቢራ በዚህ ብዙም አይጎዳም። ኢምፔሪያል ስታውት ግን ሀብቱ በሙሉ ከመዓዛው ስለሆነ ቅዝቃዜ አብዛኛውን ይደብቅበታል።

መልሴ ግምት ብቻ እንዳይሆን ከእርስዎ ጋር የሚቀራረብ ጠርሙስ፣ ማለትም 12 ወር በቡርቦን በርሜል የከረመ፣ 13 በመቶ አልኮል ያለው፣ ቡናም ሆነ ቫኒላ ያልተጨመረበት ስታውት ከፍቼ፣ ቴርሞሜትርና ሰዓት አጠገቤ አድርጌ ማስታወሻ ያዝሁ። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዳሁ። ሲቀዳ በመጀመሪያ የተሰማኝ ዝምታው ነው፤ እንደ ሌላ ቢራ አይንፎለፎልም፣ እንደ ዘይት ተጠቅልሎ ይወርዳል። ቡናማ አረፋው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ደቂቃ ሳይሞላው ጠፋ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ ነገር ግን ከፍተኛ አልኮል አረፋን እንደሚያፈርስ፣ በርሜል ውስጥ የከረመ ቢራም የተፈጥሮ ጋዙን አብዛኛውን አጥቶ ከማሸጉ በፊት እንደ አዲስ እንደሚሰጠው ከታወቀ አረፋው ማነሱ የሚያስገርም አይደለም። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ሳዞረው ከጠርዙ ላይ ካለች ቀጭን ቀይ መስመር በቀር ብርሃን አላሳለፈም።

በ6 ዲግሪ የጻፍሁት ከእርስዎ ደብዳቤ ብዙም አይለይም፦ ከሰል፣ ያልጣፈጠ ቸኮሌት፣ ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት። ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ቡርቦኑ መጣ፤ ቀድሞ አልኮሉ፣ ተከትሎ ቫኒላው። እውነቱን ለመናገር ይህ ክፍል ብዙ ሰው የሚወደው ቢሆንም እኔን አላስደሰተኝም፤ ውስኪው ከፊት ቆሞ ስታውቱን ይሸፍነዋል። ጠርሙሱን ያስወደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለው መካከል፣ ከተቀዳ ግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ቡርቦኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና እንጨቱ ወጣ፦ ኮኮናት፣ አዲስ የተላገ ሳንቃ፣ ጥቂት ቅርንፉድ፣ ከሥራቸው ደግሞ የተቃጠለ ስኳርና ተምር። ቸኮሌቱም ከምሬት ወደ ልስላሴ ተለወጠ። ስጎነጨው አስቀድሞ ጣፋጭ ነው፤ ምላስ መካከል ሲደርስ የተቆላው ብቅል ምሬት ያገኘዋል፤ ከዋጥሁት በኋላ ድዴ ላይ የቀረው ደረቅ፣ አፍ የሚይዝ ስሜት በኦኩ እንጨት ውስጥ ካለው፣ ታኒን ከሚባል ውህድ የመጣ ነው። ያ ድርቀት ባይኖር ኖሮ ሦስተኛውን ጉንጭ የምፈልገው አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በዚህ ቢራ ውስጥ እርሾው ሳይበላው የሚተርፈው ስኳር ብዙ ነው፣ አፍ ውስጥ የሚሰማው ውፍረትም በዋናነት ከእርሱ የሚመጣ ነው። 18 ዲግሪ ሲደርስ መልካሙ ጊዜ አለፈ፤ ጣፋጩ ከበደ፣ አልኮሉም ደረትን ማሞቅ ትቶ አፍንጫ መቧጠጥ ጀመረ።

እንግዲህ ጠርሙሱን ከመክፈትዎ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ከማቀዝቀዣ ያውጡት፤ ከቀዱትም በኋላ አይቸኩሉ። የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስን ከአልኮሉ ጋር ለማላመድ እንጂ ለፍርድ አይሆንም፤ እኔ ከሦስተኛው በፊት ምንም አልጽፍም። ሲያሸቱ አፍዎን ጥቂት ከፍተው አጫጭር ትንፋሽ ይሳቡ፤ ብርጭቆው ውስጥ አፍንጫን ከትቶ በረጅሙ መሳብ የማሽተት ስሜትን በአልኮል ያደነዝዘዋል። ወዳጆችዎን በተመለከተ ጥርጣሬዎ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነው አልልም። በጠርሙሱ ላይ «ኮኮናት» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ኮኮናት ማግኘቱ አይቀርም፣ አንዱ ጮክ ብሎ «ዘቢብ» ካለም ጠረጴዛው ሁሉ ዘቢብ ይሸተዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ሳትነጋገሩ የተሰማችሁን ጻፉና ከዚያ በኋላ አስተያዩት። ከመጨረሻው ጉንጭ በኋላ ባዶውን ብርጭቆ ለአሥር ደቂቃ ትቶ ማሽተትንም እመክራለሁ፤ አልኮሉ ሲተን እንጨቱ ብቻውን ይቀራል፣ ኮኮናቱን ያላገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ በጠርሙሱ ላይ የተዘረዘሩት ውኃ፣ ብቅል፣ ሆፕ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ) እና እርሾ ብቻ ናቸው። ታዲያ ቫኒላውና ኮኮናቱ ከየት መጡ? ለምንስ የቡርቦን በርሜል ተመረጠ?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም ነገሩ ከጣዕም በፊት በሕግ የተጀመረ ነው። የአሜሪካ ሕግ ቡርቦን ተብሎ የሚሸጥ መጠጥ በዚያው አገር እንዲሠራ፣ ከተፈጨው እህል ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ እንዲሆን፣ የተጣራውም አልኮል ከ62.5 በመቶ በማይበልጥ ብርታት ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ ዕቃ ውስጥ እንዲገባ ያዝዛል። በ1964 ደግሞ የአገሪቱ ምክር ቤት ቡርቦን የአሜሪካ መለያ ምርት መሆኑን በውሳኔ አጽድቋል። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው «አዲስ» የሚለው ቃል ነው። 200 ሊትር ያህል የሚይዘው በርሜል አንድ ጊዜ ቡርቦን ካከረመ በኋላ ለቡርቦን ዳግመኛ አያገለግልም፤ እንጨቱ ግን ገና ብዙ ዕድሜ አለው። ስለዚህ ወደ ስኮትላንድ ውስኪ ሠሪዎች፣ ወደ ሩም ሠሪዎችና ወደ ቢራ ጠማቂዎች ይሸጣል። የቺካጎው ቢራ ጠማቂ ጉዝ አይላንድ በ1990ዎቹ ስታውቱን በእንዲህ ያለ በርሜል አክርሞ «ቡርቦን ካውንቲ» ብሎ ካወጣ ወዲህ ዘዴው ተስፋፋ። በሚሺጋን የሚገኘው ፋውንደርስ የተባለው ቢራ ጠማቂ በበኩሉ በርሜሎቹን በግራንድ ራፒድስ ከተማ ሥር ባሉ የቀድሞ የጂፕሰም ማዕድን ዋሻዎች ውስጥ ያከርማል፤ እዚያ ሙቀቱ ብዙም ስለማይለዋወጥ ቢራው ሳይረበሽ ይቆያል።

አሁን ወደ ቫኒላው። ለበርሜሉ የሚውለው የአሜሪካ ነጭ ኦክ ሲሆን፣ የእንጨቱ አካል ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሊግኒን ይባላል። ሊግኒን በእሳት ሲለበለብ ይሰባበርና ቫኒሊን ይወጣዋል፤ ይህም በቫኒላ ፍሬ ውስጥ ያለው ዋናው መዓዛ ሰጪ ውህድ ራሱ ነው። ኮኮናቱ ላክቶን ከሚባሉ ውህዶች ይመጣል፤ የአሜሪካው ኦክ ከአውሮፓው ይበልጥ በእነዚህ የበለጸገ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓ ኦክ በሚሠራው የወይን በርሜል በከረመ ስታውት ላይ ኮኮናት ብዙም አያገኙም። ቅርንፉዱ ዩጂኖል ነው፤ በእውነተኛው ቅርንፉድ ውስጥም ያለው እርሱ ነው። የበርሜሉ ግድግዳ ከሰል ከሆነው ገጽ ኋላ ቀላ ያለ ንብር አለው፤ በዚያ የእንጨቱ ስኳር በሙቀት ተቃጥሎ ካራሜል መሰል ሆኗል። ሙቀት ሲጨምር ፈሳሹ ወደ እንጨቱ ይዘልቃል፣ ሲቀንስ ይመለሳል፤ በዚህ ምልልስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እንጨቱ የመጠጠው ቡርቦን ጥቂት ሊትር ስለሚሆን ቀስ በቀስ ወደ ቢራው ይገባና የአልኮል መጠኑን አንድ በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህ የሚነሣ አንድ አስተያየት አለኝ፤ የሚቃወሙኝ ቢኖሩም አልተውም። ከበርሜሉ መፈለግ ያለብን ውስኪውን ሳይሆን እንጨቱን ነው። ቡርቦን የወደደ ሰው ቡርቦን ቀድቶ መጠጣት ይችላል። ገና ሲከፈት ውስኪ ውስኪ የሚሸት፣ ከሥሩ ግን ቀጭን የሆነ ስታውት ሳገኝ ጠማቂው ለበርሜሉ የሚመጥን ቢራ አላዘጋጀም ብዬ እፈርዳለሁ። በጥሩው ላይ ግን የተቆላው ብቅል፣ እንጨቱና ቡርቦኑ ተለይተው ይታወቃሉ፤ ሆኖም አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውጣት ያስቸግራል። አንዳንድ ጠማቂዎች ደግሞ የቫኒላ ፍሬ፣ ካካዎ ወይም ቡና ይጨምራሉ፣ ይህንንም በጠርሙሱ ላይ ይገልጻሉ። የተጨመረ ቫኒላ እንደ አይስክሬም ከፊት ይመጣል፤ ከኦክ የመጣው ግን ሁልጊዜ የእንጨት ሽታ ይዞ ነው የሚደርሰው። በቡርቦኑ እህል ውስጥ ራይ የሚባለው እህል በዛ ያለበት በርሜል ስታውቱን ቅመም ቅመም እንደሚያሰኘው፣ ስንዴ ያለበት ደግሞ እንደሚያለሰልሰው የሚናገሩ አሉ፤ በሐሳብ ደረጃ ልክ ነው፣ እኔ ግን ጠርሙሱን ሳላነብ ይህን መለየት የቻልሁባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ኢምፔሪያል» የሚለው ስም ምንን ያመለክታል?

መልስ፦ የንጉሠ ነገሥት ቤት ማለት ነው፤ የተጠቀሰው ቤተ መንግሥትም የሩሲያው ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የለንደን ጠማቂዎች፣ በተለይም በሳውዝዋርክ የነበረውና በ1781 ባርክሌይና አጋሮቹ የገዙት የትሬል መጥመቂያ፣ ብርቱ ጥቁር ቢራ ወደ ሩሲያ ይልኩ ነበር፤ የዳግማዊት ካትሪን ቤተ መንግሥት ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። ስታውት የሚለው ቃል ራሱም በዚያን ዘመን ብርቱ ማለት እንጂ ጥቁር ማለት አልነበረም። ዛሬ ስሙ ከ8 እስከ 12 በመቶ አልኮል ላለው ስታውት የሚሰጥ ሲሆን፣ በበርሜል የከረሙት ከዚህም ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የከፈትሁት ጠርሙስ የሾመጠጠ ነበር፤ ከጀርባው ደግሞ የአኩሪ አተር ሶስ የመሰለ ቃና አለው። ይህ የበርሜሉ ጠባይ ነው ወይስ ቢራው ተበላሽቷል? ጤናንስ ይጎዳል?

መልስ፦ ከጤናው ልነሣ፦ ቢራን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች በሽታ አምጪ አይደሉምና አይስጉ። ጉዳቱ በጣዕሙ ላይ ነው።

ጥቂት ኮምጣጣነት ግን የሚጠበቅ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ጠቆር እስኪል የተቆላ ብቅል እንደ ቡና ሁሉ የራሱ አሲድ አለው፤ ይህ ከምሬቱ ጋር ተዋሕዶ ይመጣል እንጂ ለብቻው አይወጣም። ምላስ ግራና ቀኝ ላይ የሚቆነጥጥ፣ ምራቅ የሚያስመጣ፣ ከቸኮሌቱ ተነጥሎ የሚሰማ ከሆነ ግን ባክቴሪያ ገብቷል። አፍንጫን የሚወጋ የኮምጣጤ ሽታ ካለው አሴቲክ አሲድ ነው፤ እርሱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አየር ስለሚፈልጉ፣ በርሜሉ ሳይሞላ ወይም ስንጥቅ ኖሮት እንደቆየ ያመለክታል። የእርጎ ዓይነት ለስላሳ ኮምጣጣነት ከሆነ ደግሞ ላክቶባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። እንጨት ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ እንደ ብረት ገንዳ አጥቦ ማጽዳት አይቻልም፣ ስለዚህ አደጋው ትልልቆቹንም አይምርም፤ ጉዝ አይላንድ በ2015 ካወጣቸው የቡርቦን ካውንቲ ምርቶች አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ስለኮመጠጡ በ2016 ለገዢዎች ገንዘብ ለመመለስ ዝግጁ መሆኑን አስታውቆ፣ ከዚያ ወዲህ ቢራውን በሙቀት አክሞ ማሸግ ጀምሯል።

የአኩሪ አተር ሶሱ ቃና ሌላ ጉዳይ ነው። እርሾ በቢራው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ሲሞትና ሲፈርስ፣ ኦክስጅንም ሲያግዘው፣ ጨው ጨው የሚል የሥጋ መረቅ መሰል ቃና ይተዋል። በዕድሜ ጠና ባለ ጠርሙስ ላይ ጥቂቱ ለቸኮሌቱ ጥልቀት ሲሰጠው አግኝቻለሁ፤ ከፊት ከመጣ ግን ምንም የሚያድነው የለም። ኦክስጅን ብቻውን ሲሠራ ሁለት መልክ አለው፦ አንዱ የዘቢብና የሼሪ ወይን መዓዛ ሲሆን በዚህ ዓይነት ቢራ ላይ ይወደዳል፤ ሌላው እርጥብ ካርቶን ነው፣ እርሱ በየትኛውም ቢራ ላይ ጉድለት ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከገጠመዎት ደግሞ «ብርቱ ስለሆነ ነው» የሚልዎትን አይስሙ፤ ጥሩ አልኮል ያሞቃል እንጂ እንዲህ አይሸትም። ሁለቱ ጉድለቶች በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ከተገናኙ፣ የእርስዎን ጨምሮ፣ ማፍሰሱ ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ ሁለት ጠርሙስ አለኝ፤ እያንዳንዱ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አንዱን ለዓመታት ባስቀምጠው ይሻሻላል? ሌላውንስ በአንድ ምሽት ብቻዬን መጨረስ ስለማልችል ከፍቼ ግማሹን ለነገ ባሳድረው ምን ይሆናል?

መልስ፦ በርሜል ውስጥ የከረመ ቢራ ማክረሙ በጠማቂው እጅ ተፈጽሞ የመጣ ነው፤ ለመጠጣት ዝግጁ ባይሆን ኖሮ ባልታሸገ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠርሙስ ውስጥ የሚሆነው ለውጥ መሻሻል ወይም መበላሸት ከማለት ይልቅ መለዋወጥ ማለት ይቀላል። የሆፑ ምሬትና የቡርቦኑ ሹልነት ይለሰልሳሉ፣ አልኮሉ ከሌላው ጋር ይዋሐዳል፣ የደረቀ ፍሬ መዓዛ ይጨምራል፤ በአንጻሩ የተቆላው ብቅል ትኩስነት ይቀንሳል፣ ውፍረቱም የሳሳ ይመስላል። ቡና የተጨመረበት ከሆነ በጭራሽ አያስቀምጡት፤ ቡናው ከሁሉ ቀድሞ ይደክማል፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ቃሪያ ሽታ ይለወጣል። እኔ አንድ ዓመት፣ ግፋ ቢል ሁለት እጠብቃለሁ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ያቆየኋቸው ጠርሙሶች አብዛኞቹ አሳዝነውኛል። ሲያስቀምጡት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ቦታ አቁመው እንጂ አጋድመው አይሁን፤ ጠርሙሱ ሲቆም ከላይ ያለውን አየር የሚነካው የፈሳሹ ገጽ ይጠብባል፣ ዝቃጩም ከታች ይሰፍራል።

ብቻዎን አለመጨረስዎ ትክክል ነው። 13 በመቶ አልኮል ያለው 750 ሚሊ ሊትር ወደ 77 ግራም ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ 5 በመቶ ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ብቻ ስለሆነ አንዱ ጠርሙስ ስድስት ያህል ቢራ ነው ማለት ነው፣ ጣፋጭነቱ ግን ይህን አያስታውስም። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ቢከፈት በቂ ነው። የተረፈውን አየር በማያስገባ መክደኛ ዘግተው በማቀዝቀዣ ያሳድሩት። በማግሥቱ ጋዙ ቀንሶ ያገኙታል፤ ይህ ቢራ ግን መጀመሪያም በጋዝ የሚኖር ስላልሆነ ብዙ አይጎድልበትም፣ እንዲያውም አልኮሉ ረግቦ እንጨቱ በቶሎ ሲወጣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ግን ካርቶኑ መምጣት ይጀምራል።